በሳንቲም የተፋቀ ስም

የወጣሁበት ሌሊት ሻሸመኔ መብራት ጠፍቶ ነበር። እማዬ በባትሪ ብርሃን ሻንጣዬን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። በርበሬው እንዳይፈስ ሰግታ ፌስታል በፌስታል ላይ ደራርባበታለች። አባዬ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከበሮዎቹን የጫነው ሚኒባስ ደጅ ቆሞ ጥሩንባውን ሲነፋ እኔ መሮጥ ጀመርኩ፤ አባዬም ሁልጊዜ እንደሚለው «ኢዚ ናው፣ ፕሪንሰስ» አለኝ። ቀስ በይ ማለቱ ነው። ለአህያም፣ ለባጃጅ ሹፌርም፣ ለሚንተከተክ ሽሮም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ግን በዚያች ሌሊት ቀስ የምልበት ልብ አልነበረኝም። ጉንጩን ሳም አድርጌው ሮጥኩ። አሁን ሳስበው ትንሽ ብቆይ ምን ነበረበት እላለሁ።

አባቴ ጃማይካዊ ነው። የሻሸመኔን ጃማይካ ሰፈር የምታውቁ አትገረሙም። ለማታውቁት ግን፣ ኢትዮጵያ የተስፋ ምድራችን ናት ብለው ባሕር ተሻግረው የሰፈሩ ሰዎች አሉ፤ እሱ ከነሱ አንዱ ነው። እማዬ እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። አባዬ አማርኛ ሲማር «እርስዎ» የሚለውን ዘሎት ስላለፈ እኔም አንተ እያልኩት አደግኩ፤ እማዬ በእንግዳ ፊት በዚህ ታፍር ነበር። ስም ሲወጣልኝም እሷ ለምለም ልትለኝ ፈልጋ፣ እሱ ዶርካስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አሸነፈ። ካሸነፈ በኋላ ግን በስሜ ሲጠራኝ ሰምቼ አላውቅም፤ ፕሪንሰስ ነው የሚለኝ። እማዬም በእልህ «ልጄ» ብላ ቀረች። ስሜ የትምህርት ቤትና የቀበሌ ሆነ።

የሰፈራችን የከበሮ ቡድን ሆላንድ፣ ሮተርዳም ላይ ለበጋ በዓል ሲጋበዝ አስተርጓሚ ሆኜ መጣሁ። ቡድኑ ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ። አገር በታመሰ ጊዜ ሱቃችን እንዴት እንደተቃጠለ፣ ከዚያም ማን እንደዛተብኝ ለኢሚግሬሽን ሰዎች ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ ብደግመው ያመኛል። ያነጋገረችኝ ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። አንድ ብስኩት ሰጥታኝ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደነችው። እኛ ቤት እንግዳ ፊት ቆርቆሮ የሚከድን ሰው ስሙ እስከ ሐዋሳ ይሰማ ነበር።

«አባትሽ የጃማይካ ሰው ከሆነ ለምን ጃማይካ አልሄድሽም?» አለችኝ።

«እሱ ከዚያ ወጥቶ ኢትዮጵያ ገባ። እኔ ከኢትዮጵያ ወጥቼ ጃማይካ ብገባ መዞር ብቻ ሆነ እኮ።»

በመካከላችን የተቀመጠው አስተርጓሚ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ዶርካስ የኢትዮጵያ ስም ነው?»

«የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ነው። አባቴ ነው ያወጣው።»

«ለምን ይህን መረጠ?»

«አላውቅም።»

«የራስሽን ስም ለምን እንደወጣልሽ አታውቂም?»

አባት ያወጣውን ስም ማን ይመረምራል? እሷ ግን የዋሸሁ መስሏት ጥያቄውን አዙራ አመጣችው። ቆይቶ ወረቀቱ ተፈቀደልኝ፤ ኢትዮጵያን ግን መርገጥ የለብሽም ተባልኩ። ጠበቃዬ በትህትና አስረዳኝ፤ «ሸሸሁት ወዳልሽው አገር ከተመለስሽ አልሸሸሽም ማለት ነው።» በዚያን ቀን ብዙም አልከበደኝም። አባዬ ጤነኛ ነበር።

ዴንሃግ ከተማ፣ ላክ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጣሪያ ሥር አንድ ክፍል አገኘሁ። ደረጃው መሰላል ነው ማለት ይቀላል። የሑርባሱ፣ የአከራዬ ማለቴ ነው፣ ጥያቄ ከኢሚግሬሽኑ አይተናነስም።

«ሙዚቃ ትሰሚያለሽ?»

«አባቴ ይሠራው የነበረውን። ሮክስቴዲ ይባላል።»

«ባስ አለው?»

«ባስ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው።»

«በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ሽንኩርትስ ትጠብሻለሽ?»

«መስኮት ከፍቼ።»

«መስኮቱ አይከፈትም» አለና ቁልፉን ሰጠኝ።

ሥራዬ ዛንዳም ነው፣ የምግብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ አምስተርዳምን በባቡር አቋርጣለሁ። ዝናቡ እንደኛው ሐምሌ ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። የሱሪናም ሰዎች የራሳቸው ልጅ መስያቸው በቋንቋቸው ያናግሩኛል። ሐበሾች ደግሞ አማርኛ መስማቴን ስለማይጠረጥሩ ፊቴ ላይ ያሙኛል። አንድ ቀን ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ድሬድ ጸጉሬን እያዩ ለጓደኛቸው፣ «ይቺ ልጅ ጸጉሯን አጥባው ታውቅ ይሆን?» አሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ሊሞቱ ደረሱ። እትዬ ብርቱካን ይባላሉ። ሮተርዳም ነው የሚኖሩት፤ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን ይንከባከባሉ። በእፍረታቸው ካሳ ምሳ ጋበዙኝ፣ ከዚያ ወዲህ እናቴ ሆኑ። ደስ ሲላቸው የሚጠሩኝ «አንቺ ጸጉራም» እያሉ ነው።

በመጣሁ በሁለተኛው ክረምት አባዬ ደም ፈሰሰው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ። ተረፈ፤ ግማሽ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለ፣ ከቃላቱም የወደቁ አሉ። ማንኪያን «ያ ነገር» ይላል። ጠበቃዬን ሄጄ አገሬ ልግባ ብዬ ለመንኩት። ያንኑ ቃል ደገመልኝ፣ በዚያው ትህትና። ያኔ የገባሁበት ውል ምን እንደሆነ ገባኝ።

አባዬ ጤነኛ ሳለ ይነግረን የነበረውን ልንገራችሁ። ኪንግስተን እያለ ሳውንድ ሲስተም ነበረው፤ ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች መንገድ ላይ ተክሎ ሰፈሩን ያስጨፍራል። ኋላ ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ ጠባብ ክፍል ይዞ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የጊዜው ሙዚቃ ስካ ነው፣ የሚያስሮጥ። አንድ ዓመት ሙቀቱ ጸንቶ ጨፋሪው ሲዝል ቢያይ፣ ዘፈን ሲቀርጽ ለከበሮ መቺው «ኢዚ ናው» አለው። ቀስ ሲሉ ባሱ የሚናገርበት፣ ዘፋኙም የሚተነፍስበት ቦታ ተገኘ። ሌሎችም በየፊናቸው ቀስ እያሉ ነበር፤ እኔ ብቻ ጀመርኩት አይልም። ሮክስቴዲ የተባለው ያ ነው።

ታዲያ ተፎካካሪ ሰላይ ይልካል። ሰላዩ ሸክላው ላይ አጎንብሶ ከመካከሉ ወረቀት ላይ የዘፋኙን ስም ያነባል፣ በማግስቱ ዘፈኑን ያስገኛል። ስለዚህ ባለ ሳውንድ ሲስተም ሁሉ ያን ወረቀት ይፍቀዋል። አባዬ የገዛ ራሱንም ሥራ ይፍቅ ነበር፣ በሳንቲም። ይህን ሲያወራ እሱም ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። ሻሸመኔ ሲገባ አንድም ሸክላ ይዞ አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ብርቱካን ለመዘምራን ልምምድ እዚያው ሮተርዳም ውስጥ ወዳለው ዴልፍስሃቨን ሰፈር ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። አዳራሹ አሮጌው ወደብ አጠገብ ነው፤ ከጎኑ አሮጌ ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። በሩ ተከፍቷል። ከውስጥ፣ ዘፈን ሊጀምር ሲል፣ አንድ የወንድ ድምፅ «ኢዚ ናው» አለ። ከዚያ ከበሮ፣ ከዚያ ባስ፣ ከዚያ የልጃገረድ ድምፅ። ወደ በሩ ዞርኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እትዬ ብርቱካን።

«አባቴ ነው።»

«የት?»

«ሸክላው ውስጥ።»

ባለሱቁ ቪም ይባላል፣ ጥቂት የቀረችውን ጸጉሩን ወደኋላ ያሰረ ሽማግሌ። ስነግረው በትዕግስት አዳመጠኝ። «ሜቭራው» አለኝ፣ እመቤት ማለቱ ነው፤ «እዚህ የሚገባ ሁሉ የአባቴ ነው፣ የአጎቴ ነው ይላል። የዚህን ባለቤት ማንም አያውቀውም። ወረቀቱ ተፍቋል።»

«በሳንቲም ነው የፋቀው። ካላመንክ ስልክ ልደውልለት።»

ሸክላውን አንስቶ በመነጽሩ አየው። ከዚያ ደጅ የቆሙትን እትዬ ብርቱካንን አየ። እሳቸው ዓለማዊ ዘፈን ስለማይሰሙ አልገቡም፤ እግራቸው ግን መሬቱን ይመታ ነበር። «ደውይለት» አለኝ።

እማዬ ስልኩን ይዛ አባዬን አሳየችን። ቪም መርፌውን አስቀመጠ። አባዬ በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን በባሱ ልክ እየመታ እስከ መጨረሻው ሰማ። ቪም እስክሪብቶ አወጣና፣ «ስማቸውን ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለ። ተረጎምኩ።

«የእኔን ተወው» አለ አባዬ። «የእሷን ጻፍ።»

«የማንን?»

«የልጅቷን። ቅጠል ሸጣ ስትመለስ ቅርጫቷን በር ላይ አስቀምጣ ነው የዘፈነችው። አንዴ ብቻ። ከዚያ በመርከብ እንግሊዝ ሄደች፣ ወሬዋም ጠፋ።»

«ማን ትባላለች?»

ስሟ አልመጣለትም። ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። «ስሟን እኔ ነኝ የፋቅኩት» አለ። «ሌላ ቦታ አልተጻፈም። አሁን ደግሞ ከዚህ ጠፋ» ብሎ ግንባሩን ነካ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቪም ሱቅ እየሄድኩ እንደውላለን። አባዬ ስም እየጠራ ይሞክራል፤ ግሎሪያ፣ አይ፤ ኤሊን፣ አይ፤ ሃያሲንት፣ አይ። «ስሟን ሳልመልስላት አልሞትም» ይላል። ሐኪሙ ለእማዬ የነገራት ግን ሌላ ነው፤ ብዙ አይቆይም። እኔ ባቡር ላይ ስሞች እያሰብኩ እመለሳለሁ፤ ማርያም ስሟን እንድታስታውሰው እለምናለሁ። እትዬ ብርቱካንም በጉባኤያቸው አስጸለዩለት፤ ስለ ዓለማዊ ዘፈን መሆኑን ግን አልተናገሩም። ሸክላው ያለ ስም መደርደሪያው ላይ ቆየ፤ ቪም ገዢ ሲጠይቀው ባለቤት አለው ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ስንደውል አባዬ በጣም ደክሞ ነበር። ዓይኑን አልገለጠም። እማዬ «ዛሬ ይቅር ይሆን?» አለች፤ እሱ በጣቱ አሰማኝ የሚል ምልክት ሰጠ። ቪም አሰማው። ልጅቷ ዘፍና ስትጨርስ ሱቁ ውስጥ የመርፌው መንሿሿት ብቻ ቀረ።

«ዶርካስ» አለ አባዬ፣ ጥርት አድርጎ።

ከአፉ ስሜን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ሊሰናበተኝ መሰለኝ። «አቤት፣ አባዬ» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «አንቺን አይደለም፣ ፕሪንሰስ» አለኝ።

እማዬ ስልኩን ዘጋችው። ቪም ግን ስሙ ትርጉም ስለማያሻው ሳይጠብቀኝ በተፋቀው ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ። ጽፎ ጨርሶ ቀና ሲል፣ «ይህ ያንቺም ስም አይደል እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ያቺ የኢሚግሬሽን ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ መልሱን አሁን አግኝቻለሁ፣ ጠያቂው ግን የለም። ደስ ብሎኛል፤ አባቴ ዕዳውን ከፈለ። ተከፍቻለሁም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይነገረኝ የዚያችን ልጅ ስም በአደራ ተሸክሜ ኖሬያለሁ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። እማዬ ናት፣ ምስሉን አጥፍታዋለች።

«ስሚ፣ ልጄ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ለምለም ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«ብዬ ነበር። ያኔውኑ ለምለም ትባል ብዬ ነበር» አለች።

ከኋላዋ አባዬ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደግማችሁ አሰሙኝ እያለ ይለምናል። እማዬ ስልኩን ታቅርብለት ወይስ ትዝጋው ቸግሯት ይዛዋለች። ቪም መርፌውን አንስቶ ያየኛል። እኔም ሮተርዳም ቆሜ፣ እናቴ እስክትወስን እጠብቃለሁ።