ባለቤቴ የምትቆምበት ደጅ

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ባለቤቴ ወደ አትክልት ተራ በሄደች ቁጥር መዘግየት ጀመረች። የምንኖረው ፒያሳ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቄ ጀርባ ባለች ቤት ነበር። ሽንኩርትና ጎመን ገዝታ ለመመለስ ብዙ የማይፈጅባት ሴት፣ ምሳ ሰዓት ደርሶም ብቅ አትልም። ምን አቆየሽ ስላት ገበያው ሰው በዛበት ትለኛለች።

አራዳ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። ከሱቄ ፊት ለፊት የሚሠራው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ክር ሊገዛ ገብቶ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ "ሚስትህ ፎቶ ልትነሣ ነው እንዴ? ከፎቶ ቤቱ ደጅ አትጠፋም" አለኝ።

እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን ክሩን ስሰጠው ሒሳቡን መቀበል ረሳሁ። ፎቶ አንሺውን አውቀዋለሁ። ያላገባ፣ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ ከረባት የማይለየው፣ ሴት ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበር የሚያቀርብ ሰው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ አቡጀዲ ስለካ የምውል ነኝ፤ ከረባት ያሰርኩትም ለሠርጌ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድልኝ አለ። ቀሚስ ስትቀይር ለማን ነው እላለሁ። ስታንጎራጉር ዜማውን ማን አስለመዳት እላለሁ። ደንበኛ ነጭ ጨርቅ ጠይቆኝ ጥቁር ቆርጬ ሰጠሁት።

አንድ ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ ሱቁን ለልብስ ሰፊው አደራ ብዬ ከሩቅ ተከተልኳት። እንደተባለውም ፎቶ ቤቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ግን ወደ ውስጥ አታይም። አንገቷን አቅንታ ወደ ላይ ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፎቶ አንሺው በሩ ላይ ወጥቶ ሰላም ቢላት እንኳ ዓይኗን ሳትመልስ በእጇ ጠብቀኝ አለችው። ቀረብ ስል ድምጿን ሰማሁ።

"ፎ... ቶ... ግ... ራ..."

የምታነበው ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ነበር። ዘወር ስትል አየችኝና ደነገጠች። ድንጋጤዋ ግን አልቆየም።

"ይሄ ረዘመብኝ" አለች። "ሥጋ ቤቱን ቶሎ ነበር የለየሁት።"

ነገሩን መንገድ ላይ አጫወተችኝ። አምስት ኪሎ የምታስተምር፣ ሚሲዮን ያደገች ጎረቤት ነበረችን። ይህች መምህርት ለመማር ብለሽ ሥራሽን አትፍቺ፣ ገበያ መሄድሽ ላይቀር በመንገድሽ አንድ ሰሌዳ ያዢ፣ እሱን ሳትለዪ ወደ ሌላው አትለፊ፣ ቢያቅትሽም ቆመሽ አይተሽው እለፊ ብላታለች። በዚያ ዓይነት ባለቤቴ ከሰፈራችን ጀምራ፣ ቀስ እያለች፣ ፎቶ ቤቱ ደርሳለች።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ፎቶ አንሺው ከሆዴ ወጣ፣ በቦታው ግን መምህርቷ ገባች። በተጋባን ሰሞን ሚስቴን ላስተምር የተነሣሁት እኮ እኔ ነበርኩ። የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ በሳምንት ከሀ እስከ ፐ ትጨርሻለሽ ብዬ ፎክሬ፣ ስትሳሳት እየተቆጣሁ አስመረርኳት። ሳምንቱ ሳይጋመስ ገበታውን አውርዳ አልጋ ሥር ከተተችው። እኔ ያልሆነልኝን የጎረቤት ሴት በአንድ ምክር አሳካችው።

"ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?" አልኳት።

"አንተ ሁሉንም በአንዴ ትፈልጋለህ" አለች። "እኔ ደግሞ አንድ አንድ ሲሆን ነው የሚገባኝ።"

በማግስቱ መምህርቷን ደጇ ላይ አግኝቼ፣ ከእንግዲህ ሚስቴን እኔው አስተምራለሁ አልኳት። አልተቀየመችኝም። "ደስ ይለኛል" አለች፣ "ግን ካልጠየቀችዎ አይንገሯት።"

ቀላል መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት እስከ መታጠፊያው እሸኛት ጀመር። ሰሌዳ ስታነብ ስትንተባተብ ቃሉ ከአፌ ያመልጣል፤ እሷም ትቆጣና ዘንቢሏን ይዛ ጥላኝ ትሄዳለች። ቆይቶ አንዱን ፊደል ዝም ብዬ አሳለፍኩ፣ ከዚያ ሙሉ ቃል፣ ከዚያ ሙሉ ሰሌዳ። ዝምታውን ስለምደው እሷም ከእኔ ጋር መቆም ለመደች። ይሁን እንጂ አዲስ ቃል ባወቀች ቁጥር መጀመሪያ የምትነግረው ለመምህርቷ ነበር። የጋዜጣ ርዕስ ማንበቧን እንኳ የሰማሁት ከልብስ ሰፊው ነው።

በኋላ መምህርቷ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረች። ባለቤቴ አቅፋት አለቀሰች። እኔ ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ተሸከምኩላት፣ ውስጤ ግን ደስ ብሎት ነበር። አሁን ለእኔ ብቻ ትሆናለች አልኩ።

አልሆነችም። ያኔ ማንንም ሳትጠይቅ ማንበብ ችላ ነበር። ምሳ ሰዓት ጋዜጣውን ቀድማኝ ትዘረጋለች፣ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ምን ይላል ብዬ አንገቴን ሳሰግግ ወረቀቱን ወደ ራሷ ትስበዋለች።

"ልጨርስና እነግርሃለሁ" ትለኛለች።

ወጡ እየቀዘቀዘ እጠብቃታለሁ።