ገለባ የተሞላችው ጥጃ

ባለፈው የእህቴ ልጅ የከፈተውን እንግዳ ማረፊያ እንዳይለት ደብረ ታቦር ጠርቶኝ ነበር። ገና አንድ እግሬን ከበሩ እንዳስገባሁ ውሻው ቦቢ ከመቀበያው ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብሎ አፈጠጠብኝ። ቦቢ ደግሞ ከፋሲካ በፊት መሞቱን በስልክ ነግሮኝ፣ እኔም «እግዜር ያጥናህ» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በስመ አብ ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ለካ አዲስ አበባ ድረስ ልኮ፣ ቆዳውን አስለፍቶ፣ ውስጡን አስሞልቶ፣ የመስተዋት ዓይን አስገጥሞለት ነው።

«ሕያው አይመስልም አክስቴ?» አለኝ ጆሮውን እየዳበሰ።

«ይመስላል፤ እሱ ነው የሚያስጠላው» አልኩት።

ሻይ አስቀረበልኝ፤ አንዴ ፉት ብዬ ተውኩት። ዳቦው ላይም የውሻ ፀጉር ያለ እየመሰለኝ አልወርድ አለኝ። እኔ ድሮም ቀፋፊ ነገር አልወድም፤ የሰው ብርጭቆ እንኳ ራሴ ሳላለቀልቅ አልጠጣበትም። ለተሞላ ቆዳ ያለኝ ጥላቻ ግን ለብቻው ነው። መነሻው ደግሞ ማንም ሳይሆን ይኸው የውሻ ጆሮ የሚዳብሰው ጎልማሳ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከጉና ግርጌ ነበር። ታላቅ እህቴ እሱን ወልዳ ከአራስ አልጋዋ ሳትነሣ ሞተች። እኔ ገና ኮረዳ ነኝ። በአካባቢያችን የምታጠባ ሴት ስላልነበረች ጨቅላው የኖረው በአንዲቷ ላማችን በዳልቻ ወተት ነው። ወተቱን በፈላ ውሃ እያቀጠንን፣ ጥጥ እየነከርን በአፉ ጠብ እናደርግለት ነበር።

የዳልቻ ጥጃ የእኔ ጓደኛ ነበረች። ግንባሯ ነጭ ስለሆነ ሻሼ እላታለሁ። እህቴ ከሞተች ወዲህ አልቅሼ የሚወጣልኝ የሻሼን አንገት አቅፌ ነው። ክረምቱ ገብቶ፣ ጉና በጉም ተጠቅልሎ፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሳለ ሻሼን ተቅማጥ ያዛት። በነጠላዬ ጠቅልዬ እሳት ዳር አቀፍኳት። ነጠላውም እኔም ተበላሸን እንጂ እሷ አልዳነችም። ነጠላውን ማጠብ ቀርቶ መንካት ስላቃተኝ በረቱ ጥግ ወርውሬ ተውኩት።

ለሻሼ ማልቀሻ ጊዜ እንኳ አልተሰጠኝም። የእኛ አገር ላም ጥጃዋን አጠገቧ ካላየች ወተቷን ይዛ ትቀራለች። ስለዚህ ጥጃ ሲሞት ቆዳው ይገፈፍና ገለባ ይሞላል፤ እናቲቱም እሱን እየላሰች ትታለባለች። ይህን በሰው ቤት አይቼ አውቃለሁ። በሻሼ ይደረጋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

«እንቅበራት» አልኳት እናቴን።

እናቴ ሕፃኑን አቅፋ እያባበለች ነበር። «ቅበሪያት፤ ከዚያ ይኼንንም ትቀብሪዋለሽ» አለችኝ።

ቆዳውን አባቴ ገፈፈው። ለመሙላቱና ለመስፋቱ ግን የኔታን ለመንን። የኔታ የቄስ ተማሪ ቤታችን መምህር ናቸው፤ ብራና ፍቀው መጽሐፍ ስለሚያዘጋጁ ቆዳ በማወቅ እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። ችግሩ ሻሼ ሳትታረድ በራሷ የሞተች፣ በክት መሆኗ ነው። የኔታ በክት በእጃቸው ነክተው አያውቁም። «ለሕፃኑ ስል ነው» ብለው ቆዳውን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥለው ሄዱ።

ሰፍተው ሲያመጧት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሆዷ ተነፍቷል፣ እግሮቿ ተገትረዋል፣ ዓይኗ በነበረበት ቀዳዳ የገለባ ጫፍ ብቅ ብሏል። እናቴ ግን ደስ ብሏት ጨው ነስንሳባት ዳልቻ ፊት አቆመቻት። ዳልቻ አንዴ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እናቴ ጡቷን ብትስብ ብትስብ ጠብታ የለም፤ ጭራሽ ላሚቱ ማለቢያውን በእርግጫ አሽቀነጠረችው። በማግስቱም ያው ሆነ። የሕፃኑ ለቅሶ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፤ ያስፈራን እሱ ነው።

የኔታ ሊጠይቁን ሲመጡ እናቴ ጎንበስ ብላ ጥጃዋን አሸተተች። «የኔታ፣ አጠቧት እንዴ?»

«እንዴት አላጥባት? በክት አይደለች? በእንዶድ አሽቼ አሽቼ፣ ጠበልም ረጭቼባታለሁ። አሁንማ ንጹሕ ናት» አሉ።

«ንጹሕማ ናት። እናቷ አላወቀቻትም እንጂ» አለች እናቴ፤ እንባዋ መጣ።

ነጠላው ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ሄጄ አነሣሁት። ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ትንፋሼን ይዤ ሻሼ ጀርባ ላይ አሰርኩትና ውሃ ረጨሁበት፤ ክርፋቱ ቤቱን ሞላው። ዳልቻ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። ላሞች ለጥጃቸው ብቻ የሚያሰሙት ለስላሳ ድምፅ አለ፤ እሱን አሰማችና ያንን ቆሻሻ ትልሰው ጀመር። ወተቱ ወረደ። እናቴ እያለቀሰች ታልባለች፣ የኔታ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አስመለስኩ።

ገብሱ እስኪታጨድ እንዲህ ኖርን። በየጠዋቱ ያንን ግማት ተሸክሜ ዳልቻ ፊት የማቆመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስፌቱ ተተረተረና ገለባው ወጣ። ዳልቻ ልጇን መላሷን ትታ ገለባውን ከሻሼ ሆድ እየመዘዘች ታኝከው ጀመር። ከዚህ የባሰ የሚያስጠላ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ላሚቱን ጠላኋት።

«እማዬ፣ ልጇን እየበላች ነው እኮ» አልኩ።

«ትብላ። ወተቱ እየመጣ ነው» አለች እናቴ ቀና ሳትል።

ሕፃኑ ወፈረ፤ ጉንጩ ሞላ። እኔ ከዚያ ወዲህ ወተት በአፌ አልዞረም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ አወራሁለት፤ እንዲያፍር ብዬ ነው። «ያቺ እንኳ አንተን አሳደገች። ይኼ የሞተ ውሻ ምን ይሠራልሃል? ቅበረው» አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ የውሻውን ጆሮ ዳበሰ። ያፈረ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን «ከእናቴስ ምን ቀረ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ይህን ያህል ዘመን ጠይቆኝ አያውቅም። በዚያ ዘመን እኛ አገር ፎቶ የሚያነሣ አልነበረም። ቀሚሷን በተዝካሯ ጊዜ ለድኻ ሰጠነው፤ ማበጠሪያዋን ማን እንደወሰደው አላውቅም። መልኳን ልንገረው ብዬ ሳስብ ለእኔም እየጠፋብኝ ነው።

«ምንም» አልኩት።

እሺ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ፤ እጁን ከውሻው ጆሮ ላይ አላነሣም። እኔም ቅበረው ያልኩትን አልደገምኩም። ያ ውሻ አሁንም ይቀፈኛል፣ አልዋሽም። ግን እህቴን እንደዚያ አድርገው ከፊቴ ቢያቆሙልኝ፣ እንደ ዳልቻ አልልሳትም ብዬ መማል አልችልም።