አርብ ቀን ቁርጥ የበሉት ኦቦ ድሪባ

«አንቺ ልጅ፣ ኦቦ ድሪባ አሁንም ሥጋ እየበሉ ነው!»

አክስቴ ናት፣ ዛሬ ጠዋት ከጊንጪ ደውላ። ኦቦ ድሪባ በድረ ገጼ ላይ የማወጣው ተከታታይ ካርቱን ባለታሪክ ናቸው።

ትናንት በወጣው ክፍል አርብ ቀን አውቶብስ ሲጠብቁ ቁርጥ አስበላኋቸው። ጾም መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም! አንባቢ ወረደብኝ። ወዲያው ሥጋውን አጥፍቼ ሽሮ ሳልኩላቸው።

አምቦ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሽሮ፤ ጊንጪ አክስቴ ስልክ ላይ ቁርጥ!

እንዲህ ዓይነቱ ነገር እንኳ አያሸንፈኝም። ሰርቨሩን አየሁት፣ ደህና ነው። ለካ አዲሱን ስዕል የጫንኩት በድሮው ፋይል ስም ነው። ስልኳ ስሙን ሲያይ «ይሄማ አለኝ» እያለ ያስቀመጠውን አሮጌ ስዕል ያወጣላታል። የፋይሉን ስም ቀየርኩ፣ አለቀ።

«አክስቴ፣ አሁንስ?»

«ኤዬ፣ ሽሮ ሆኗል። የማኅበር ሴቶቹ ስልክ ላይ ግን ሥጋው እንዳለ ነው።»

«እነሱ ደግሞ ድረ ገጽ መክፈት ጀመሩ?»

«የት ያውቁበታል! ፎቶ አንስቼ የላክሁላቸው እኔ ነኝ።»

ለዚህኛው መፍትሔ የለኝም።

እናንተስ፣ አርማችሁት አልታረም ያላችሁ ነገር አለ? ጻፉ እንጂ፣ ብቻዬን አይሳቅብኝ።