ከግድግዳው ወዲያ ያለው ስልክ

ልጄ እግሩ ከተሰበረ በኋላ ከቤት አልወጣም። ካዛንቺስ፣ ከሚሠራበት ሆቴል ደጃፍ ላይ ሚኒባስ ገጭቶት ነው። አጥንቱ በብረት ተያይዞ ገጠመ፤ ሐኪሙም በክራንች እንዲንቀሳቀስ አዘዘው። እሱ ግን የግቢውን በር አልፎ አያውቅም። የሥራ ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን ይመጡ ነበር፤ ኋላ ቀሩ።

ጨዋታው ብቻ ቀረለት። ኮምፒውተሩ ላይ በኢንተርኔት ከአራት ሰዎች ጋር ቡድን ሠርቶ ይጫወታል። አንዳቸውንም በአካል አይቷቸው አያውቅም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያወራቸው ግን ከጓዳ ሆኜ እሰማው ነበር። «ከኋላህ! ከኋላህ ነው አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ይስቃል። ከእኔ ጋር በቀን አራት ቃል ቢነጋገር ነው። ስለዚህ ጨዋታውን አልጠላሁትም።

ከዚያ መስመሩ መቋረጥ ጀመረ። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጨዋታው በጋለበት፣ የሞደሙ መብራት ይጠፋል። ደቂቃዎች ቆይቶ ሲመለስ ቡድኑ ተሸንፎ ይጠብቀዋል። ሳቁ ቀርቶ ማስተባበያ ሆነ። «እናቴ ትሙት፣ መስመሩ ነው!» ይላቸዋል፤ እኔ ጓዳ ተቀምጬ።

አንድ ቀን ማዳመጫውን ነቅሎት ስለነበር የቡድኑ አለቃ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ብሮ፣ ስለማንወድህ አይደለም። ግን ቅዳሜ ውድድር አለብን። ቅዳሜም ከጠፋህብን ሌላ ሰው እናስገባለን፣ በቃ።»

ልጄ «ገባኝ» አለ። ማታ ራት አልበላም።

በማግሥቱ ፍተሻ ጀመረ። ሽቦ ቀየረ፤ ሞደሙን ነቅሎ ሰካ። ያን ብረት የገባበት እግሩን እየጎተተ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሞደሙ ላይ አቧራ እንዳይነካው ያለበስኩትን ዳንቴል አንስቶ አሳየኝ።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ይተንፍስ እንጂ! ጋቢ አልብሰሽው ነው እኮ የሚታመመው።»

ዳንቴሉን አጥፌ አስቀመጥኩ። መስመሩ ግን በሰዓቱ ተቋረጠ። ልጄ የሚቋረጥበትን ሰዓት በወረቀት ይጽፍ ጀመር።

ረቡዕ የመስመር ሠራተኛ መጣ። ከምሰሶው እስከ ሞደሙ ያለውን ሁሉ ፈተሸ፤ ጤነኛ ነው አለ። ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ከዚህ ከጠረጴዛው ስልክ ሌላ ቤት ውስጥ ስልክ አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩት።

ቤት ውስጥ አልነበረም። የነበረው ከግድግዳው ወዲያ ነው።

ስልክ ለማስገባት ዓመታት ይጠበቅ በነበረበት ዘመን፣ በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤቴ ታላቅ ልጇን ወደ ዓረብ አገር ሸኘች። የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ልጁ በምን ይደውልላት? ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ እሑድ ከቡፌው ጀርባ የጭቃውን ግድግዳ በስቶ ሽቦ አሳለፈላት፤ አሮጌ ስልክም ሰጣት። ክልክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጥሪው የእሷ ሲሆን ግድግዳውን ሁለት ጊዜ እመታለሁ፤ እሷ ታነሳለች። ስለዚህ ነገር ለማንም ላንናገር ቃል ተገባባን።

ኋላ ሞባይል መጣ። የልጁም ጥሪ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ያ ስልክ ከዚያ ወዲህ የሚነካው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዓርብ ዕለት ወረቀቱን አነሳሁት። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት፤ እንደገና ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ። ሞደሙ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለአሱር፣ ለከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ሲል ሰማሁ። ጎረቤቴ ሰግዳ የምትጨርስበት ጊዜ አለፈ። መብራቱ ጠፋ። ልጄ ከክፍሉ «ኧረ በቂርቆስ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ቡፌውን እያየሁ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። ብነግረው ሽቦውን ይበጥሰዋል። ዝም ብል ቅዳሜ ያባርሩታል። ጠዋት ነጠላዬን አድርጌ ሄድኩ።

ስልኩ አልጋዋ አጠገብ ነበር፤ አቧራ የለበትም።

«ይሄን ስልክ ታነሺዋለሽ?» አልኳት።

«ምነው፣ ሂሳብ መጣብሽ?»

«አይ። ስታነሺው የልጄ ኢንተርኔት ይቋረጣል መሰለኝ።»

ስልኩን አየችው።

«ከሶላት በኋላ ነው የማነሳው። አልደውልበትም፣ ወላሂ። ድምፅ እንዳለው ብቻ እሰማና አስቀምጠዋለሁ። ከዚህ ቁጥር ሌላ አያውቅም እኮ። ሞቶ ቢሆንስ?»

ስልኩን ነው ልጇን፣ አልጠየቅኋትም።

«ዛሬ አታንሺው» አልኳት። «እኔ አንስቼ እሰማልሻለሁ። ድምፅ ካለው ግድግዳውን ሁለት ጊዜ እመታለሁ።»

«ከሌለውስ?»

«መጥቼ እነግርሻለሁ።»

«እሺ። ግን በደንብ ስሚው» አለችኝ። «ጆሮሽ እንደ ድሮው አይደለም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእኛን ስልክ እጀታ አንስቼ አዳመጥኩ፤ ድምፅ አለው። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታሁ። ወዲያው ሁለት ጊዜ መለሰችልኝ። ውድድሩ ተጀመረ። አዛን አለ። ሞደሙ ፊት ቆሜ ነበር፤ መቀመጥ አልቻልኩም። አሮጊት ናት፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ እጇ ብቻውን ቢሄድስ? ዘጠኝ ከሃምሳ ሆነ። መብራቱ ብልጭ አለ፤ ግን አልጠፋም። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከሩብ።

ልጄ ከክፍሉ ወጣ።

«ተሸነፍን» አለ። ፊቱ ግን የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም። «ግን እስከ መጨረሻው ነበርኩ። ማክሰኞም እንዳልቀር አሉኝ። ምን ተደርጎ ነው የተስተካከለው?»

ነገርኩት። ሽቦውንም፣ ለሠራተኛው «የለም» ማለቴንም።

«ጠረጴዛ ሥር ስድህ እያየሽኝ?»

«አዎ።»

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እሑድ አላናገረኝም። ሽቦውን ይበጥሰዋል ብዬ ከቡፌው አልራቅኩም።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ክራንቹን ይዟል።

«ወዴት ነው?»

«ማጣሪያ ልገዛ። የእኛ ስልክ ላይ እንዳለችው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ናት። ከእሷ ስልክ ጋር ከተሰካች፣ ቀኑን ሙሉ ብታነሳው ምንም አይሆንም። ያ ሰውዬ የጠየቀሽ ለዚህ ነበር።»

«ሰው ልላክ?»

«ምን እንደሚገዛ አያውቅም።»

በሩ ላይ ቆሜ እስከ መንገዱ መታጠፊያ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር አጥር ተደግፎ ይቆማል። ከዚያ ይቀጥላል።

ሲመለስ ወደ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሄደ። በግድግዳው ውስጥ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

«አንተ! በእግርህ መጣህ?»

«በሦስት እግሬ፣ እትዬ። ስልኩን ያሳዩኝ።»

ከዚያ «አሁን ያንሱት» ሲላት ሰማሁ። ሞደሙን አየሁ፤ መብራቱ እንደበራ ነው። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ተመታ። አመታቱ የእሷ አልነበረም፤ ጠንከር ያለ ነው። እኔም ሁለት ጊዜ መለስኩ።