የእናቴ ስልክ ያወራው

በእኛ በደምበጫ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ፣ የልጅቷ ወገን መጀመሪያ ድህነቱን ያወራል። "ምን አለንና" ይባላል፤ ሽማግሌዎቹም ሳያምኑ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሁለቱ ወገኖች ለልጆቹ ስንት ከብት እንደሚሰጡ የሚደራደሩት ከዚያ በኋላ ነው። ወጉ ስለሆነ ማንም ውሸታም አይባልበትም።

ታናሽ እህቴን ሊጠይቁ የመጡ ቀን እናቴም እንደ ወጉ ጀመረች። "ባሌ ከሞተ ወዲህ ምን አለኝ ብላችሁ ነው?" አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የባሕር ዛፉን ሽያጭ ባንክ አስገብተው የለም እንዴ?" አሉና ብሩን እስከ ሳንቲሙ ጠሩት።

ያ ብር ለዓይኗ ሕክምና የተቀመጠ ነበር። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ እየጋረዳት ነው። ስለ ብሩ የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን ብዬ ነበር የማምነው።

በኋላ ጉዱ ወጣ። የሙሽራው ወንድም የብድር መተግበሪያ በሰው ስልክ ላይ እየጫነ ኮሚሽን የሚበላ ወኪል ነው። ገበያ ላይ "እማማ፣ ልጫንልዎት" ሲላት ስልኳን ሰጠችው። መተግበሪያው ከባንክ የሚላክላትን መልእክት ሁሉ አነበበና ለወኪሉ አሳበቀ፤ እሱም ለሽማግሌዎቹ።

ማርቆስ ከተማ ወዳለው የመተግበሪያው ድርጅት ቢሮ ሄድኩ። ከረባት ያሰረው ኃላፊ "እናትዎ ተስማምተዋል" ብሎ የተስማማችበትን አሳየኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እንግሊዝኛ የማስተምረው እኔ እንኳ ግማሹ ላይ ታክቶኝ ተውኩት። እናቴ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረችም።

"የባንክ ሠራተኛ የደንበኛ ምስጢር ቢያወጣ ይጠየቅ የለም?" አልኩት።

"እኛ ባንክ አይደለንም፤ ቴክኖሎጂ ነን" አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። በሰፈራችን ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ወሬኛ ይባላል፤ ከረባትም አያስርም። ለእንደነሱ ዓይነቱ አዲስ መመሪያ እየተረቀቀ መሆኑንም አበሰረኝ። የሰው ጓዳ በርብረው ሲያበቁ በር ሊገጥሙለት ነው።

ልከሳቸው ፈለግሁ። እናቴ ግን "ደበቀች ተብዬ ልጄን በአማቶቿ ፊት አላሳፍርም" አለች። ብሩ ከተጠራ ወዲያ "የለኝም" ማለት ነውር ነው። በሬዎች ተገዙበት፤ ሕክምናው ቀረ። ተናድጄ ብዙ ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም።

በሠርጉ ቀን ወኪሉ ሚዜ ሆኖ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል፤ አሁንም ያልጠገበ። ሙሽሮቹ ከሚዜዎቻቸው ጋር ጉልበት ሊስሙ መጡ። እናቴ እጇን ዘርግታ የአንዷን ሚዜ ጉንጭ ዳሰሰችና "አማረብሽ፣ ልጄ" አለቻት። እህቴ የቆመችው ከሚዜዋ ጎን ነበር።