ቲቸር ለሜሳ እና የቡራዩ ምንጭ

ጠዋት ስልኬን ስከፍት የድሮ ክበባችን ግሩፕ ላይ ፎቷቸውን አየሁ። ከሥሩ ሻማ። ማነው እንዲህ ያለ ቀልድ የሚቀልደው ብዬ እየተናደድኩ ደወልኩ። ቀልድ አልነበረም። ቲቸር ለሜሳ አርፈዋል።

ለማታውቋቸው፦ ቡራዩ ጂኦግራፊ ያስተማሩን፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችንን ያቋቋሙልን ሰው ናቸው። ሌላው ክበብ ድራማ ሲያጠና እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በገፈርሳ በኩል በእግራችን ሄደን ምንጭ እንለካ ነበር። ባልዲው በስንት ደቂቃ ሞላ? ዝናቡ ዘንድሮ ምን ያህል ዘገየ? "ምንጩን ያደረቀው ፋብሪካው ነው አሉ" ብለን ሮጠን ስንመጣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "አይታችሁ ነው ሰምታችሁ?" ይሉናል። ያበሽቁን ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከዛ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ መጣ፤ ገበሬው ሁሉ መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ሰግቷል። ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። "ሜትር ይዛችሁ እርሻ ውስጥ እንዳትገቡ፣ በእርምጃ ቁጠሩ" ብለው አስጠነቀቁን። እኔ ግን በእርምጃ የተለካ ነገር ሪፖርት ላይ ያሳፍራል ብዬ የአባቴን ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከምንጩ እስከ ባህር ዛፉ ድረስ ዘረጋሁት።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አዩኝ። "ላፋ ኬኛ! መሬታችንን ልትሸነሽኑ ነው የመጣችሁት?" ብለው ጮኹ። ሰው ዱላ ይዞ ከበበን።

ከሌሎቹ ልጆች ጋር ራቅ ብለው የነበሩት ቲቸር ሮጠው መጥተው ሜትሩን ከእጄ ወሰዱና "እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። አንዱ ገፍቶ ጣላቸው። ከጭቃው ተነስተው በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ ጠየቁ፣ ደብተራችንን ከፍተው ስለ ውሃው አስረዱ።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። "መሬት አስለኪ" የሚል ስም ወጣላቸው። ያን ክረምት ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስረዱ ከረሙ። በኋላ እነዚያው ገበሬዎች የደብተራችንን ቁጥር አይተው ከምንጩ አጠገብ ውሃውን የሚመጠውን ባህር ዛፍ በገዛ እጃቸው ቆረጡ፣ በቦታው ከኛ ጋር ጥድና ወይራ ተከሉ።

ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። አንዳንዱ እስካሁን በዚያ ስም ነው የሚያነሳቸው። እሳቸው አንድም ቀን አልወቀሱኝም፣ ለማንም አልተናገሩም። እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ እላለሁ። አሁን ግን የልጅ እናት ነኝ።

ቲቸር፣ ነገ ቀብርዎ ላይ እነዚያ ሰዎች ይኖራሉ። ከመበተናቸው በፊት ቆሜ፣ እርስዎ ከልክለውኝ ሜትሩን ያመጣሁት እኔ እንደነበርኩ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ እየሰሙ ባደርገው ምን ነበረበት! ይቅር ይበሉኝ።

ናጋቲ፣ ደህና ይሁኑ ቲቸር። ከእንግዲህ የኔን ጥፋት አይሸከሙም።