ሐጂ እኔ ቤት ምሳ የበሉ ቀን

ቡታጅራ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አከራዬ ሐጂ እኔ ቤት ምሳ በሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ መነሣት አቃታቸው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን “መጀመሪያ ያያችሁትን ጻፉ፣ ግምቱ በኋላ ይደርሳል” እላለሁ። ያን ቀን እኔ ግምቱን አስቀደምኩ።

ግምቱ ከየት እንደ መጣ ላስረዳ። የድሮ የወንጀል ልቦለዶች እወዳለሁ፤ መርዝ ያለባቸውን ደግሞ አብልጬ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐጂ፣ ባለቤታቸውና ምራታቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ እኔ ያነበብኩትን እተርክላቸው ነበር። ተርኬም አልተው፣ አብራራለሁ። አርሴኒክ ጣዕም እንደሌለው፣ ምልክቱ ከተቅማጥ በሽታ ስለሚመሳሰል ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ይታለሉ እንደነበር። በኋላ ግን ኬሚስቶች ከሟቹ ሆድ የተወሰደውን ከዚንክና ከአሲድ ጋር ቀላቅለው፣ የሚወጣውን ጋዝ ማሞቅ ተማሩ። በመስታወት ቱቦው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነገር ከተለጠፈ፣ ሟቹ ራሱ ችሎት ቀርቦ እንደ መሰከረ ይቆጠራል።

ምራታቸው እነዚህን ታሪኮች ትወዳለች። አንድ ቅዳሜ “መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ነው ግን?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ምግቡን ያቀረበው ነዋ!” አልኳት፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ጣቴን ቀስሬ።

ሐጂ ሳቁ። “እንግዲያ ሁለት ገዳይ ቀልቤ ነው የማኖረው!”

“ሦስት ያድርጓቸው፣ አባባ” አለች ምራታቸው፤ “መምህርቷም ሽሮ ትሠራለች።”

ያን ዕለት የሐጂ ባለቤት ለለቅሶ ቡኢ ሄደዋል፤ ምራታቸው ገበያ ነበረች። እኔ የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሼ ገብቻለሁ። ሐጂ ከበርበሬ ማሳቸው ሲመለሱ ቤቱ ባዶ መሆኑን አይቼ “ሽሮ አለ፣ ይግቡ” አልኳቸው። ታጠቡ፣ ቢስሚላህ ብለው በሉ። የሸሚዛቸው ጀርባ ረጥቦ ተጣብቋል፤ ላብ መሰለኝ። እንደ ነጭ ሽንኩርት ያለ ነገር ሸተተኝ፤ የሽሮዬ ነው ብዬ አለፍኩት። “ዛሬ ትሉን አሳየሁት፤ ኬሚካል ስረጭ ነው የዋልኩት” አሉኝ። ሰማሁ፤ ውኃ ቀዳሁላቸው። አመስግነው ወጥተው አግዳሚው ላይ አረፍ አሉ። እኔ ፈተና ማረም ጀመርኩ።

“መምህርት! መምህርት፣ ነይ ቶሎ!”

ምራታቸው ከገበያ ተመልሳ ነው የምትጮኸው። ሐጂ ጎብጠው ሆዳቸውን ይዘዋል። ምራቃቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ቀና ሲሉ የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቦ አየሁት።

“ምን በልተው ነው?” አለችኝ።

“ሽሮ።”

“የት?”

“እኔ ቤት።”

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። አንድ እርምጃ ተራመደችና በእኔና በእሳቸው መካከል ቆመች። ሰውየው ቢሞቱስ? ከሌላ አገር መጥቼ፣ በገዛ ግቢያቸው ተቀምጬ፣ ስለ መርዝ ሳወራ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩትን መጻፍ ከብዶኝ ቆይቷል። ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ምራታቸው ጋቢ ላመጣላቸው መስሏታል፤ ጋቢውንም አምጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን የተረፈውን ሽሮ ከድስቱ ክዳን ባለው ዕቃ ገለበጥኩ፣ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሸግኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ይመርመር፣ ንጹሕ መሆኔ ይታወቅ ብዬ ነው። ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሐጂ ውጭ ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር።

ከዚያ ጋቢውን በረጠበው ሸሚዝ ላይ ደረብኩላቸው፤ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳቸው። ምራታቸው መርዝ ያረክሳል ብላ ወተት ልታጠጣቸው ሞከረች፤ መልሰው አስታወኩት። ባጃጅ ጠርተን ደግፈን ጫንናቸው።

መንገዱን ሙሉ ድስቴን ስመረምር ሄድኩ። ዘይቱ አዲስ ነው። ጨው የገዛሁት ከወትሮው ሱቅ ነው። የቤተ ሙከራ ዕቃ ባጠብኩበት ስፖንጅ ድስቱን አጥቤው ይሆን? የቤተ ሙከራው ሰማያዊ ነው፣ የቤቱ ቢጫ ነው። ወይስ የቤቱ ነው ሰማያዊው? ምራታቸው የሐጂን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ እኔ አንዴም አልዞረችም።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ነርስ ተቀበለን። ሳይጠይቀኝ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስንት ሰዓት እንደበሉ፣ ምን ያህል እንደበሉ፣ እኔም ከዚያው እንደበላሁና ምንም እንዳልሆንኩ። የታሸገውን ዕቃ አውጥቼ ዘረጋሁለት። አላየውም።

“ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?” ብሎ ምራታቸውን ጠየቃት።

“በርበሬ ሲረጩ።”

ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሸሚዙን አሸተተ። “ይህን ማን ደረበባቸው?”

“እኔ” አልኩ።

“አንሡት። ጓንት አጥልቁና ልብሱን በሙሉ አውልቁ፤ ካልሆነም ቅደዱት። ሳሙናና ውኃ!”

ሸሚዙ ሲወልቅ ጀርባቸው ከትከሻ እስከ ወገብ ቀልቶ ታየ። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ክዳኑ እንደተሰነጠቀ ምራታቸው ያን ጊዜ ነገረችን። በየእርምጃው ሲንጠባጠብባቸው ነው የዋለው። እዚህ ላይ አስተማሪነቴን ፍቀዱልኝ። ይህ ዓይነቱ ጸረ ተባይ አፍ አይፈልግም፤ በቆዳ ይገባል፣ በእርጥብ ልብስ ውስጥ ደግሞ እየቆየ ይገባል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ መርዝ በሻይ ይመጣል፣ በኬክ ይመጣል፣ በጠላት እጅ ይመጣል። ሥራው ላይ እያለ መርዙን በገዛ ጀርባው አዝሎ የሚዞር ገበሬ ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ፊቴ ሲቀመጥ አላወቅኩትም፤ ጋቢ አለበስኩት።

አጥበናቸው ስንጨርስ ነርሱ ለባልደረባው “አትሮፒን” አለ።

“አትሮፒን እኮ መርዝ ነው!” ብዬ ጮኽኩ።

“አዎ፣ ነው” አለ መርፌውን እየሞላ። “እጃቸውን ያዢልኝ።”

ያዝኩ። አትሮፒንን የማውቀው ከልቦለድ ነበር፤ ብሌን የሚያሰፋ፣ አፍ የሚያደርቅ፣ ሰው የሚያስቀባጥር። ዘመዱ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር ነው። የሐጂ ሰውነት ግን ወደ ሌላው ጫፍ ተጎትቶ ነበር፤ ብሌናቸው ጠብቧል፣ ምራቃቸው ሳንባቸውን ሊያጥለቀልቅ ነው። አንዱ ወደ ታች ሲስብ ሌላው ወደ ላይ ይስባል። ነርሱ ይወጋል፣ ይጠብቃል፣ ደረታቸውን ያዳምጣል፣ ደግሞ ይወጋል። እኔ ዓይናቸውን አያለሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተለወጠም። ምራታቸው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ ዱዓ ታደርጋለች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ብሌናቸው ትንሽ ሰፋ። ቆይተው “ውኃ” አሉ፤ “አፌ እንጨት ሆነ።” ነርሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሆስፒታል አምስት ቀን ተኙ። ቤት በተመለሱ በማግስቱ ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጬ ያሸግኩትን ዕቃ ነገርኳቸው። “ሐጂ፣ ያን ቀን ከእርስዎ በፊት ያሰብኩት ለራሴ ነው” አልኩ።

“እኔም ወላሂ ሆዴን ሲቆርጠኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቺን ነው” አሉ። “በየቅዳሜው እያስተማርሽን ምን እናድርግ?”

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ስለ ማሳው ጠየቅኳቸው፤ የቀረውን ትሉ በልቶት ይሆን?

“ልጄ ሄዷል፤ ዛሬ ይጨርሰዋል።”

“በየትኛው መርጫ?”

“ስንት መርጫ አለን?”

ምራታቸው ማዶ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። እጇ ቆመ። “ክዳኑን በላስቲክ አስሬዋለሁ ብሎኛል” አለች ቀስ ብላ፣ ባሏን ማለቷ ነው። ተያየን። ከዚያች ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷ ጄሪካን ውኃ ሞላች፣ እኔ ሳሙናና የባሏን ደረቅ ሸሚዝ ያዝኩ።

የያዝነው ባጃጅ ማሳው ድረስ አይገባም። መንገዱ ዳር ወርደን ጄሪካኑን ለሁለት ይዘን በእግር ገባን። ከሩቅ በበርበሬው መካከል መርጫውን አዝሎ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ፓምፑን እየገፋ አየነው። ሸሚዙ እርጥብ ይሁን ደረቅ ከዚያ አይለይም። ስሙን እየጠራች ጮኸች፤ እኔም ጮኽኩ። እሱ አልሰማንም። ጄሪካኑን አስቀምጠን ሮጥን።